ካሜራም በአራስ ቤት ሥርዓት ይግባ

በአዲስ አበባና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞቻችን፣ ሕፃን ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ቤት አስመጥቶ ማስነሣት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተለመደ መጥቷል። ይህንን አንዳንድ አረጋውያን ሥርዓትን እንደ መዳፈር ሲቈጥሩት፣ ብዙ ወጣት ወላጆች ደግሞ ያለ እርሱ የልደት ደስታ የጎደለ ይመስላቸዋል። የእኔ አሳብ ከሁለቱም ወገን ይለያል። ልማዱ በመሠረቱ መልካምና የሚደገፍ ነው፤ ዳሩ ግን ካሜራ ወደ አራስ ቤት የሚገባ ከሆነ፣ ለቤቱ ሥርዓት ተገዝቶ እንጂ ቤቱን፣ እናቲቱንና ሕፃኑን ለራሱ ፈቃድ አስገዝቶ መግባት የለበትም። ለዚያ ቀን የሚደረገውም መሰናዶ ሁሉ ከዚህ መሠረት ሊነሣ ይገባዋል።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ለአራስ ቤት ያቆሙት ሥርዓት ብዙ ጥበብ ያለበት ነው። እልልታው ተሰምቶ ገንፎው ከተበላ በኋላ እናቲቱ ከሥራ ሁሉ ተለይታ ትተኛለች፤ አጥሚቱ በየሰዓቱ ይቀርብላታል፤ ነፋስ እንዳይመታት በሩ ይጠበቃል፤ ጠያቂም ቢመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ «ማርያም ታኑርህ» የሚለውን ምላሽ ተቀብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል እንጂ እንደ ልቡ አይገባም፣ እንደ ልቡም አይወጣም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት አይርቁም፤ በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ በ7ኛው ቀን አቂቃው ሲታረድ እናቲቱ ገና በዕረፍት ላይ ናት። እንግዲህ ሕፃኑ ሊነሣ የሚገባበት ወቅት እናቲቱ ከቤት የማትወጣበት ወቅት ከሆነ ዘንድ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ እርስዋ እንዲመጣ የሚያዘው ሥርዓቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። አራሷን ከነሕፃኗ በመኪና አሳፍሮ በከተማው መንገድ አንገላትቶ ወደ ፎቶ ቤት ከመውሰድ፣ ባለሙያው ዕቃውን ተሸክሞ እንደ አንድ ጠያቂ በሯን ቢያንኳኳ ለሁሉም ይሻላል።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባ ረጅም ዘመን ሆኖታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሙያውን ወርሰው ቀጥለዋል። ቀስ በቀስም ፎቶ ቤቶች በከተማው ሲበዙ ሕዝቡ ልጁን አልብሶና አሳምሮ ወደ እነርሱ መሄድን ለመደ፤ የሚሄደው ግን ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ራሱን ችሎ መቀመጥ ከጀመረ በኋላ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቤት ሳሎን የተሰቀለው የልጅነት ፎቶግራፍ የዓመት ልጅን ወይም ከዚያ ከፍ ያለውን የሚያሳይ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናትና ከአያት ትዝታ በቀር ሌላ መዝገብ የላቸውም።

የእነዚያ ሳምንታት መልክ ደግሞ ካለፈ ተመልሶ አይገኝም። ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የለመደውን አኳኋን ገና አልተወም፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ጣቶቹን ጨብጦ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በእንቅልፍ ያሳልፋል። በትከሻውና በጀርባው ላይ ከማኅፀን ይዞት የወጣው ስስ ጠጉር ይታያል፤ የእጁና የእግሩ ቆዳ ይላጣል፤ ከእናቱ ጡት ጋር ሲታገል እርግብግቢቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ወር ሲያልፍ እጅና እግሩ እየተዘረጋ፣ ጉንጩም እየሞላ ሄዶ ሌላ መልክ ይተካል። ልንሸሸው የማንችለው ሌላም እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ያርፉ ነበር። ልጇን በዚያ ዕድሜ ለቀበረች እናት አንዲት ፎቶግራፍ ምን ያህል እንደምትከብዳትና ምን ያህልም እንደምታጽናናት የሚያውቅ ሰው፣ ይህንን ነገር የባለጸጎች ቅንጦት ነው ብሎ ለማቃለል አይደፍርም። ባለሙያ ለመጥራት ዐቅም የሌለው ቤተሰብም ቢሆን በማለዳ፣ በመስኮት አጠገብ፣ በእጅ ስልክ በጥንቃቄ የተነሣች አንዲት ፎቶግራፍ ትበቃዋለች። ነገር ግን ይኸው ቁጥር ያ ዕድሜ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ስለሚያስታውሰን፣ ለፎቶግራፍ ተብሎ ሕፃኑን ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ለአደጋ ማጋለጥ ከቶ የማይገባ መሆኑንም ያስተምረናል።

የመሰናዶው መጀመሪያ እናቲቱ ናት። ከባለሙያው ጋር መነጋገርና በዋጋው መስማማት ከወሊድ በፊት፣ ነፍሰ ጡሯ ገና በጤናዋ ሳለች ቢሆን መልካም ነው፤ ቀኑ ግን ልጁ ተወልዶ የእናቲቱ ሁኔታ እስኪታወቅ ድረስ በቁርጥ ሊወሰን አይገባም። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በሁለተኛው ሳምንት እንኳ ቀና ብላ ለመቀመጥ ልትቸገር ትችላለች፤ በምጥ የወለደችም ብትሆን ስፌቷ ያልዳነ፣ ጡቷ የቈሰለ፣ እንቅልፏም የተቈራረጠ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናቶች ምክንያቱን ለራሳቸውም ሳያውቁት ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያለቅሳሉ፤ ይህም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ለሐኪም ሊነገር ይገባዋል። ስለዚህ በዋዜማው ማታ አንድ ጊዜ፣ በዕለቱም ጠዋት እንደ ገና ፈቃዷ ይጠየቅ፤ «ዛሬ አልችልም» ካለች ሌላ ምክንያት ሳትጠየቅ ነገሩ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። በዚያ ቀን ሌላ ጠያቂ አይጠራ፤ የቤቱ ሥራ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ እርስዋም ለማጥባት የሚመቻትን የቤት ቀሚስና ነጠላዋን ለብሳ፣ አጥሚቷን ጠጥታ፣ በአልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ ትቈይ። ፊቷን በቀለም መሸፈን ካልፈለገች ማንም አያስገድዳት፤ በፊቷ ላይ የሚታየው ድካም ከሞት አፋፍ ደርሳ የተመለሰችበት የክብር ምልክት ነውና።

ከእናቲቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ክፍሉ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ የሰውነቱ ሙቀትም በ36.5 እና በ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሊጠበቅለት ይገባል። ልብሱ የሚወልቅ ከሆነ ክፍሉ አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ በስስ ልብስ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ላብ ላብ የሚለው ከሆነ ያን ጊዜ ለሕፃኑ በቂ ነው ማለት ይቻላል። በሐምሌ ዝናብ ወይም በኅዳር ብርድ ክፍሉን ማሞቅ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ልጁ እንደ ተጠቀለለ ይነሣ፤ በጋቢ ተጠቅልሎ የተኛ ሕፃን ዕራቁቱን ከተኛው በውበት አያንስም። በዚህ ነገር በተለይ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ክፍሉን ለማሞቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ አይግባ። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛም አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ እናትንም ልጅንም እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው ሊያስቀራቸው ይችላል። ስለዚህ የቡናውም ምድጃ፣ የዕጣኑም ማጨሻ በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል ወይም በበረንዳ ይሁን፤ ማሞቅ የተፈለገ እንደ ሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሕፃኑ ራቅ ተደርጎ አስቀድሞ ይብራ፣ መብራት ቢጠፋም ሁሉ ነገር እንዳይቋረጥ ተጨማሪ ጋቢና ብርድ ልብስ በአጠገብ ይዘጋጅ።

ለብርሃኑ የመስኮት ብርሃን ይበቃል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያምረውም እርሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበት መስኮት ከሆነ በስስ ነጭ መጋረጃ ወይም በነጠላ ተጋርዶ፣ አልጋው ወይም ፍራሹ በአጠገቡ ይነጠፍ፤ ብርሃኑ ከሕፃኑ ራስ በኩል ወደ እግሩ ወይም ከጎን እንዲያርፍበት ይደረግ እንጂ ከእግሩ በኩል ሽቅብ አይምጣበት፤ እንዲያ ከሆነ ጥላው መልኩን ያበላሸዋል። የሕፃኑ ራስ ቅቤ ተቀብቶ እንደ ሆነ በለስላሳ ጨርቅ ቢጠረግ ብርሃኑ አያንጸባርቅም። በዚህ አጋጣሚ ከፎቶግራፍ የሚበልጥ አንድ ጥቅም ሊገኝ ይችላል። አራስ ቤት ብዙ ጊዜ መጋረጃው ተዘግቶ ጨለም ስለሚል፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚታየው ቢጫነት ሳይስተዋል ይቀራል። መጋረጃው በተገለጠበት በዚያ ሰዓት እናትና አያት የልጁን የዓይን ነጭ፣ ድዱን፣ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ ቢመለከቱ ቢጫነቱ ይገለጥላቸዋል። እግር ድረስ የወረደ ቢጫነት ያለው፣ ወይም ጡት የማይጠባና የሚፈዝ ሕፃን ቢሆን፣ ፎቶግራፉ ቀርቶ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። ባለሙያዎችም ቢሆኑ የሕፃኑን ቆዳ ቢጫነት ኋላ በኮምፒዩተር ማጥፋት የተለመደ ሥራቸው ስለሆነ፣ ያዩትን ነገር ለቤተሰቡ ሳይናገሩ በዝምታ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ።

ሕፃኑን የሚነካ እጅ ሁሉ እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ሰው፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ቢሆን፣ አይምጣ፤ ትክትክን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ሥርዓት የሚጀመረው በ6ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሕፃኑ አጥር የእኛ ጥንቃቄ ብቻ ነው። እትብቱ ያልወደቀ ልጅ በሆዱ አይተኛ፤ እትብቱም በክርና በአበባ አይሸፈን። በአንገቱ ላይ ሐብልም ሆነ ክር ተጠምጥሞ አይተው። በሥዕል መጽሔት ላይ የሚታየው፣ ሕፃን አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ የተቀመጠበት አኳኋን፣ በእውነቱ የሁለት ፎቶግራፎች ቅንብር ነው፤ በአንደኛው የሰው እጅ ራሱን ደግፏል፣ በሁለተኛው ደግሞ ክንዱን፣ ኋላም ሁለቱ ተገጣጥመው የደጋፊው እጆች ይጠፋሉ። ይህን ሳያውቅ አኳኋኑን በእውነተኛ ሕፃን ላይ ሊሞክር የሚነሣ ሰው የማይጸና አንገት ላይ እየተጫወተ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ባልተኛበት ነገር ላይ አይጫን፣ ባልታጠፈበትም ወገን አይታጠፍ፤ ባለቀሰም ጊዜ ካሜራው ይቀመጥና ወደ ጡት ይመለስ። ጠዋት በደንብ ከጠባ በኋላ የሚጀመር ሥራ፣ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ለማጥባት የሚቋረጥ ሥራ፣ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

እንግዲህ በፎቶግራፉ ውስጥ ምን ይታይ በሚለው ጥያቄ ላይ፣ በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልናገር። ባለሙያው ትሑትና ለሥራው ታማኝ የሆነ ወጣት ነበር፤ ቅርጫት፣ የጨርቅ አበባ፣ የላባ ክንፍና የሱፍ ቆብ በሻንጣ ይዞ መጥቶ ሕፃኑን በየተራ በእያንዳንዱ ውስጥ ሲያስተኛው ረፈደ። እናቲቱ አልጋው ራስጌ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። በግርጌ በኩል በዝምታ ተቀምጠው የነበሩት አያት በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ የሕፃኑን አየን፤ እናቱስ የታለች?» አሉት። ወጣቱም በአክብሮት፣ «እማማ፣ እሷን ስትዘጋጅ እናነሣታለን» ሲላቸው፣ «ዘጠኝ ወር ስትዘጋጅ ከርማ አይደል የወለደችው? በል አሁን ስታጠባው አንሣት» ብለው፣ ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውርደው በልጃቸው ጉልበት ላይ ዘረጉት። ወጣቱ እንደ ታዘዘው አደረገ። ጋቢው ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ነጭነቱ ወደ ወተት ቀለም ያደላ ነበር፤ የሕፃኑ እጅ የእናቱን ጣት ጨብጧል፣ የአያቲቱ እጅም ከጋቢው ጠርዝ ላይ አልተነሣም። በዚያ ቀን ከተነሡት ሁሉ ቤተሰቡ አሳትሞ በሳሎኑ የሰቀለው ያንን ነው።

አያቲቱ የተናገሩት የአገራችን ሠዓሊዎች ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከነበረው ከሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ምእመናን ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለው በሚሰግዱለት ሥዕል ውስጥ ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ላይ ነው፤ መልኩ ያለ እርስዋ መልክ አይነበብም። ቅዱሱን ሥዕል ከዕለት ኑሯችን ጋር ላስተካክል አልደፍርም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ርስት ያለው ሕዝብ ልጁን ብቻውን በባዕድ ቅርጫት ውስጥ አስተኝቶ ማሳየትን እንደ ታላቅ ጥበብ ሲቈጥረው ማየት ያሳዝነኛል። ተፈጥሮም ከዚህ ጋር ትስማማለች። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ብቻ ነው፤ ይህም እናቲቱ ስታጠባው በፊቷና በዓይኑ መካከል ያለው ርቀት ነው ለማለት ይቻላል። እርሱ በዚህ ዓለም አይቶ የሚያውቀው ነገር የእናቱ ፊት ከሆነ፣ የእርሱ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ እርስዋን ትቶ ሊነሣ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። አባቱም በሁለት መዳፉ ይያዘው፤ ታላቅ እኅቱ ወይም ወንድሙ በአጠገቡ ይተኛ፤ የገንፎው ገበቴ፣ የአጥሚቱ ኩባያ፣ ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የአያት ነጠላ ከፎቶግራፉ አይውጡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ሊያየው የሚናፍቀው እነዚህን ነው፤ የላባውን ክንፍ ግን ሌላ ሺህ ሕፃን ለብሶታል።

የዓይን ነገር የሚያሳስባቸው አረጋውያን ለሚያነሡት ተቃውሞ ክብር መስጠት ይገባል። ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ለብዙ ዓይን አይገለጥ የሚሉት ሰዎች፣ ቃሉ የእነርሱ የእምነት ቃል ቢሆንም፣ በውስጡ ለማንም የሚበጅ ጥንቃቄ አለበት። ፎቶግራፉን ማንሣትና ለዓለም ሁሉ መበተን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተነሥቶ በቤተሰብ መካከል ቢቀመጥ፣ ከ40ውና ከ80ው ቀን በኋላም ወላጆች በሰከነ ልብ ቢወስኑ፣ አያቶችም ደስ ይላቸዋል፣ ልጁም አይጎዳም። የሕፃኑን ሙሉ ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ሆስፒታል፣ የቤቱንም አካባቢ ከዕራቁት ምስሉ ጋር በማኅበራዊ መገናኛ ማውጣት ግን ኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሕፃኑ ፈቃድ ለመስጠት ስለማይችል አደራው የወላጆቹ ነው። ባለሙያው ሥራውን ለማስተዋወቅ ሊያወጣው ቢፈልግ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወላጆችም ቢከለክሉት በዋጋው ላይ የማይጨምርባቸው መሆኑን አስቀድመው ይዋዋሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ሕፃኑ «ማርያም የሳመችው» የምንለው ምልክት በግንባሩ ወይም በአንገቱ ላይ ካለው፣ ባለሙያው በማረሚያ እንዳያጠፋው ይነገረው፤ ልጁ የሚታወቅበት ምልክት ነውና። ከተመረጡትም ጥቂቶቹ በጥሩ ወረቀት ይታተሙ፤ በጀርባቸውም የልጁ ስም፣ ዕለቱ፣ በዚያ ቀን በቤቱ የነበሩት ሰዎች ስም በእስክሪፕቶ ይጻፍ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ በውስጡ ያለው ሺህ ፎቶግራፍም አብሮት ይሄዳል፤ በአልበም የተቀመጠ ግን ከእናት ለልጅ ይተላለፋል።

በመጨረሻም ሦስት ወገኖችን እማጠናለሁ። ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ያልተማራችሁትን አኳኋን በሰው ልጅ ላይ አትሞክሩ፤ በመካከላችሁም ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ ከአዋላጅ ነርሶች የምትማሩበትን መንገድ ራሳችሁ አቋቁሙ። ባሎችና የቤተሰብ አለቆች፣ ዋጋውን የከፈላችሁ እናንተ ብትሆኑም በዚያ ቀን «በቃ» የማለት ሥልጣን የእናቲቱ መሆኑን ባለሙያው ገና ሲገባ ንገሩት። እናንተም እናቶች፣ ደክሞኛል፣ አላምርም፣ ጠጉሬ አልተሠራም እያላችሁ ከፎቶግራፉ አትሽሹ። ልጃችሁ አድጎ ያንን ፎቶግራፍ ሲያይ በመጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን መልክ ሳይሆን የእናንተን ነው፤ ለዚያ ቀን የሚደረገው መሰናዶ ሁሉ እናንተን በዚያ ሥዕል ውስጥ በክብር ለማስቀመጥ ካልሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።